ለልጅ የተነገረ መርዶ

«ወሬ ለቃሚዋ መጣች» ይሉኝ ነበር። ደብተሬን በብብቴ ሸጉጬ ከጎፋ ወደ ላፍቶ ስወርድ ሴቶቹ በአጥር ቀዳዳ እያዩ ይጠቃቀሱብኛል። እኔም እሰማቸዋለሁ፤ እነሱም እንደምሰማቸው ያውቃሉ። አልፈርድባቸውም። ጊዜው የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ጤና ጣቢያችን ውስጥ ድሬሰሩ መርፌ ይወጋል፣ አዋላጇ ታዋልዳለች፣ እኔ ግን መርፌም ኪኒንም የለኝም። የእኔ ሥራ መጠየቅ ነው። በእንቅልፉ የሚባንን፣ ከሰው የሚሸሽ፣ ያለ ምክንያት የሚያለቅስ ልጅ አለ ሲባል ቤቱ ድረስ ሄጄ፣ ከእናት ከአባቱ ጋር ተቀምጬ፣ ልጁን ምን እንደነካው እጠይቃለሁ። ለዚህ ሁለት ዓመት ተምሬ ወረቀት ተቀብያለሁ ስል አባቴ እንኳ ከት ብሎ ነው የሳቀው።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ለመናገር እቸኩላለሁ፣ ለመቆጣት ደግሞ ከዚያም እብሳለሁ። እንዲህ ዓይነት ሰው ለዚህ ሥራ ማን እንደመረጠኝ ዛሬም ይገርመኛል። ይሁንና አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ሥራዬን ከሥሩ አስተማረችኝ፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ።

ስለ ልጅቷ መጀመሪያ የነገረኝ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ነው። ቀጥ ያለ፣ ካኪ የሚለብስ፣ ማስመሪያ ከእጁ የማይለይ ሰው ነበር።

«አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ አለችኝ» አለኝ። «አምና ከክፍሏ አንደኛ ነበረች። ዘንድሮ ግን ከመስከረም ጀምሮ ዝም ብላለች። ብትጠየቅ አትመልስም፣ አንብቢ ብትባል አታነብም። እስከ ፋሲካ እታገሣለሁ። ከዚያ በኋላ ስሟን እሰርዛለሁ።»

«ልጅቷ ታማለች እኮ» አልኩት።

«ልትታመም ትችላለች። ወንበሩን የሚፈልግ ስንት ልጅ ውጭ እንደቆመ ግን አንቺም ታያለሽ።»

እውነቱን ነበር፤ አምስት ልጅ በአንድ አግዳሚ ላይ ተጣቦ ነበር የሚማረው። እውነቱን መሆኑ ግን የበለጠ አናደደኝ።

የተማርኩትን ለማሳየት ቸኩዬ ስለነበር ወዲያው ሥራ ጀመርኩ። ልጅ የልቡን የሚያወጣው ለብቻው ሲሆን ነው ተብሎ ተነግሮናል። ስለዚህ ዳይሬክተሩን የተሰበሩ ወንበሮች የሚቀመጡበትን ክፍል ለምኜ ልጅቷን አስገባሁና በሩን ዘጋሁት። የማይናገር ልጅ ይስላል ተብሎም ተነግሮናል፤ ወረቀትና እርሳስ ሰጠኋት። እርሳሱን አገላብጣ አየችው፣ ከቦርሳዋ የምላጭ ስባሪ አወጣች፣ አሳምራ ቀርጻ መለሰችልኝ። በሳምንቱም እንደዚያው። ስድስት ሳምንት ሙሉ እኔ ስለፈልፍ እሷ ስትቀርጽ ቆየንና የእርሳሴ ቁመት አንድ ጣት አከለ። ዓይኖቿ ንቁ ናቸው፣ የምላትን ሁሉ ትሰማለች፣ አልፎ አልፎ በእኔ የምትስቅ ይመስለኝ ነበር። አፏ ግን አልተከፈተም።

ያ የተዘጋ በር ምን እያደረገ እንደነበር የነገረችኝ እናትየዋ ናት። አንድ ቀን ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ሕፃን አዝላ ስትገባ ፊቷ ጠቁሮ ነበር።

«ልጄን ምን ልታደርጊያት ነው በር የምትዘጊባት?» አለችኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ሰፈሩ ሁሉ የሷ በሽታ ሰው ፊት የማይታይ ነው አለ። ጓደኞቿ አብረዋት መቀመጥ ትተዋል። የሚያስለፈልፍ መንፈስ ሲባል እሰማለሁ፤ የሚዘጋ መንፈስ ያየሁት በልጄ ነው። አንቺ ደግሞ በር ዘግተሽ ጨረስሽው።»

እኔም አፌን አልያዝኩም። ለልጅሽ ብዬ ነው፣ አታውቂም፣ የተማርኩት ነው፣ ያላልኩት የለም። ተጨቃጨቅን። አዋላጇ መጥታ ባትገላግለን ኖሮ የት እንደምንደርስ አላውቅም። ሴትየዋ ስትወጣ ዘወር ብላ «ለማንኛውም ከፋሲካ በኋላ አባቷ ጠበል ይወስዳታል። እዚያው ዘመድ ጋ ትቀመጣለች፤ አፏ እስኪፈታ» አለችኝ።

ይኼኔ ነው የደነገጥኩት። ከጠበል ጋር ጠብ የለኝም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ልጅቷ ልትላክ የታሰበበት ቦታ ግን የሦስት ቀን መንገድ ነው። እንዲህ «እስኪሻላቸው» ተብለው ዘመድ ጋ የተተዉ ልጆች አውቃለሁ። ዓመት ሁለት ዓመት ያልፋል፣ ጠያቂ ይጠፋል፣ ልጁ የሰው ቤት አገልጋይ ሆኖ ይቀራል። አምና ከክፍሏ አንደኛ የወጣች ልጅ እንደዚያ ስትቀር ታየኝ። እስከ ፋሲካ የቀረኝ ጊዜ ያ አንድ ጾም ብቻ ነበር።

በማግስቱ ደብተሬን ጤና ጣቢያ ትቼ ቤታቸው ሄድኩ። ቤቱ ከላፍቶ ወዲያ፣ ወደ ፉሪ በሚወስደው በኩል ነው። አባትየው የዚያው አገር ሰው ነው፤ ጠዋት ያርሳል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለግንብ የሚሆን ድንጋይ በጋሪ ወደ ከተማ ያመላልሳል። እናትየዋ ከመንዝ የመጣች ናት። ደጃፉ ላይ ቆሜ «ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» ስላት ለአፍታ አየችኝና በቆሎ የሞላ ቁና ገፋ አድርጋ «እንግዲያ ቁጭ በዪና ፈልፍዪ» አለችኝ። በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ፣ አላፊ አግዳሚው እያየን፣ ፈለፈልን። ቀጥሎ ባለው ሳምንት ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ልጅቷ ሕፃኗን አዝላ በአጠገባችን ወዲያ ወዲህ ትላለች። ከእናትየዋ ጋር አንቺ ተባባልን፣ ተላመድን። መጠየቅ ሥራዬ ቢሆንም ምንም አልጠየቅኳትም፤ እሷ ራሷ ጀመረች።

ባለፈው ሐምሌ ይቺን ሕፃን ስትወልድ ልጅቷንና የአራት ዓመት ወንድሟን ፉሪ አክስታቸው ዘንድ ላኳቸው። ልጁ እዚያ ተቅማጥ ያዘው። በሁለት ቀን ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ። ለአራስ መርዶ አይነገርም፤ ወተቷ ይደርቃል፣ እሷም ትወሰዳለች ይባላል። ስለዚህ ልጅቷን ብቻዋን መልሰው ለእናትየዋ «ትንሹ ጉንፋን ይዞታል፣ ሕፃኗን እንዳያስይዛት እዚያው ይቆይ» አሏት። የተወለደችው ሴት ስለሆነች ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። ሰማንያ ቀን ሙሉ ጎረቤቱ በፈገግታ እየገባ፣ ገንፎ እየበላ፣ በፈገግታ ወጣ። ክርስትናው ካለፈ በኋላ መርዶ የሚያረዱት ሽማግሌ ማለዳ መጡ።

«አንድ ሰው እንኳ አላመለጠውም» አለችኝ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። በሐዘኗ ውስጥ ጎረቤቶቿን እያመሰገነች ነበር።

«ልጅቷስ? እሷን ማን አረዳት?» አልኳት።

«ምኑን?»

«የወንድሟን ሞት።»

«እዚያው ነበረች እኮ። በዓይኗ ያየችውን ምን ብለው ያረዷታል? ደግሞ ለልጅ መርዶ ይነገራል እንዴ?»

«አንቺ የተረዳሽ ቀን፣ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ፣ እሷ የት ነበረች?»

እጇ በቆሎው ላይ ቆመ። «እንጃ» አለች በመጨረሻ። «ሕፃኗን አስይዘናት ጓሮ ነበረች መሰለኝ።»

ልጅቷ ወደ ውስጥ ገብታ ስለነበር ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። «ሰማንያውን ቀን ወንድሟ እንደሞተ እያወቀች ካንቺ ጋር ኖራለች። ዝም በይ ያላት ማን ነው?»

እናትየዋ አላወቀችም። አባትየው አመሻሽ ላይ አለንጋውን ይዞ ሲገባ እሱን ጠየቅኩት። እሱም መጀመሪያ «እኔ ምን አውቃለሁ» አለ። ከዚያ አለንጋውን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ እዚያው ቆመና ፊቱ ተለዋወጠ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ከቀብር ስንመለስ እዚህ አጥሩ ጋ አገጯን ይዤ… አንዲት ቃል ካመለጠሽ እናትሽ ትሞታለች አልኳት።»

«ከዚያስ? ሰማንያው ቀን ሲያልቅ አሁን መናገር ትችያለሽ አሏት?»

«ረሳሁት፣ እህቴ» አለ። «በእውነት ረሳሁት።»

እሷ ግን አልረሳችም። የትኛዋ ቃል እንደምታመልጣት ስላላወቀች ሁሉንም ዘጋቻቸው። ትልልቆቹ ምሥጢራቸውን ሲያወርዱ የእሷን ሸክም የሚያወርድላት አልተገኘም፤ የእናቷን ነፍስ በአፏ ይዛ ስምንት ወር ኖረች። እኔ ደግሞ በር ዘግቼ ሥዕል እጠይቃታለሁ። በራሴ አፈርኩ።

ምን መደረግ እንዳለበት ወደ ጎፋ ስመለስ መንገድ ላይ መጣልኝ፤ በተማርኩት መጽሐፍ ውስጥ ግን የለም። በማግስቱ መርዶ የሚያረዱት ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። እኚህ ሰው ማለዳ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከቤታቸው ከወጡ ወደየት እንደሚታጠፉ ሰፈሩ ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ነው የሚመለከተው። ጉዳዩን ነገርኳቸውና ለልጅቷ መርዶዋን እንዲያረዱልኝ ለመንኳቸው።

«እኔ ለልጅ መርዶ ነግሬ አላውቅም» አሉኝ። «የሚያውቀውን ሰው ደግሞ ማን ያረዳል? ልጅቷን ጨርሰሽ ልታሳብጃት ነው?»

ፍርሃቴን ነበር የነገሩኝ። ግን ደፈር ብዬ «ሰማንያ ቀን ምሥጢር ጠብቃለች፣ አባቴ። ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ጋር እኩል። ሰፈሩ ተፈትቶ እሷ አሁንም አልተፈታችም» አልኳቸው።

ከዘራቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ። «ስምንት ወር ሆናት አልሽ?»

«ስምንት ወር።»

«እንግዲያ ልጅ አይደለችም» አሉ። «ሐሙስ ጠዋት እመጣለሁ።»

ሐሙስ ገና ሲነጋጋ አጥሩ ሥር ቆሜ ነበር። ብርዱ አጥንት ይገባል። ሽማግሌው ነጠላቸውን እንደ ሐዘን አጣፍተው፣ ሁለት ጎረቤት ሴቶች አስከትለው መጡ። ልጅቷ ሕፃኗን አዝላ ወጣች። እሳቸውን ስታይ ባለችበት ቀጥ አለች። እናትየዋ ሕፃኗን ከጀርባዋ አወረደችላት። ሽማግሌው በርጩማ አስመጡና ለራሳቸው ሳይሆን ለእሷ አስቀመጡላት።

«ተቀመጪ፣ ኢንተላ ኮ» አሏት። ልጄ ማለታቸው ነው፤ የምር ነገር ሲሆን በኦሮምኛ ነበር የሚጀምሩት። እሷ ተቀመጠች፣ እሳቸው እንደቆሙ ቀጠሉ። «ወንድምሽ በሐምሌ ወር ፉሪ አክስትሽ ቤት አርፏል። አንቺ አጠገቡ ነበርሽ። እኛ ትልልቆቹ አላረዳንሽም፣ አላስቀመጥንሽም፣ አብረንሽም አላለቀስንም። በድለንሻል። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም። አባትየው መጥቶ ፊቷ ተንበረከከ።

«ዝም በይ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አላት። «እናትሽ ትሞታለች ያልኩሽም እኔ ነኝ። እናትሽ ይኸው አልሞተችም። ጠብቀሻታል። ከዛሬ ጀምሮ ተናገሪ፤ ማንም አይሞትም።»

ልጅቷ እሱን አላየችውም። ያየችው እናቷን ነው፣ ከእግር እስከ ራሷ። እናትየዋ ጠጋ ብላ እጇን ያዘችና በደረቷ ላይ አስቀመጠችው። «ይኸው፣ አለሁ» አለቻት።

ከዚያ ሰማሁት። ድምፅዋ ሻክሯል፣ ወፍሯል፤ የልጅ ድምፅ አይመስልም ነበር።

«ውሃ ለምኖኝ ነበር» አለች።

«ማን?» አለች እናትየዋ፣ እያወቀችው።

«እሱ። አክስቴ ሆዱን ይብስበታል እንዳትሰጪው አለችኝ። ጣሳውን ደበቅኩበት።»

ስምንት ወር ሙሉ አንድ ምሥጢር ብቻ የያዘች መስሎን ነበር፤ ከሥሩ ሌላ ነበረ። እናትየዋ ምን ትላት ይሆን ብዬ ፈራሁ። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ውሃ አይሰጠውም፤ ያኔ ሁሉም የሚያውቀው ይኼንን ነበር፤ ጤና ጣቢያ የምሠራው እኔም ከዚህ የተሻለ አላውቅም ነበር።

«እኔም ብሆን አልሰጠውም ነበር» አለች እናትየዋ። «ሰማሽ? እኔ እናቱ ብሆንም ጣሳውን እደብቅበት ነበር። ያንቺ አይደለም።»

ልጅቷ አንዴ ጮኸች። ከዚያ እናቷ ጭን ላይ ወድቃ አለቀሰች፣ ሴቶቹም ተቀበሏት፤ ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። እኔም ሥራ ላይ ያለሁ ሰው መሆኔን ረስቼ ከማንም በላይ አለቀስኩ።

ሦስት ቀን እንደ ማንኛዋም ሐዘንተኛ ተቀመጠች። ንፍሮ ተቀቀለላት። ያ ሰማንያ ቀን በፈገግታ የገባ ጎረቤት ሁሉ አሁን ተራ በተራ እየገባ ለአሥር ዓመቷ ልጅ ጎንበስ ብሎ «እግዜር ያጽናሽ» አላት፤ እሷም «አሜን» ትላለች። የክፍል ጓደኞቿም መጥተው ዙሪያዋን ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን የውሃ እንስራዋ ለምን ባዶ እንደሆነ እናቷን ስትቆጣ ሰማኋትና ከዚያ በላይ ሙዚቃ ሰምቼ አላውቅም። ወደ ጎፋ የተመለስኩት በእግሬ መሆኑን ብቻ ነው የማስታውሰው። ለድሬሰሩ ነገርኩት፣ ለአዋላጇ ነገርኳት፣ ካርድ ለሚሰጠው ሰውዬም ነገርኩት። ጉራዬ ልክ አልነበረውም፤ ዛሬም አልጸጸትበትም።

ከዚያ በኋላ በሠራሁባቸው ዓመታት፣ ጎፋም ሆነ ለቡ ወይ ፉሪ፣ አንድም ጊዜ በር ዘግቼ አላውቅም። ከጤና ጣቢያው የሚሰጠንን ባለ አርባ ጥያቄ ቅጽ የምሞላው ቢሮዬ ስመለስ ነው። ሞት ወይ ፍቺ ወይ ስደት ያለፈበት ቤት ስገባ መጀመሪያ የማጣራው ልጆቹ በማን አፍ፣ መቼ፣ ምን እንደተነገራቸው ነው። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «ለልጅ ምን ይነገራል» ነበር። ሽማግሌውም ከዚያ ወዲያ ሰው የሞተበት ቤት ሲገቡ «ልጆቹን አምጧቸው» ማለት ጀመሩ፤ እንዲህ እንዲያደርጉ ያዘዛቸው የለም።

የልጅቷ ነገር ግን በዚህ አላለቀም። ዳይሬክተሩ የሚያምን ሰው አልነበረም።

«ቤቷ ትናገር» አለኝ። «እኔ ክፍል ውስጥ ስታነብ በጆሮዬ ካልሰማሁ ስሟ ይሰረዛል። ከፋሲካ መልስ የመጀመሪያው ቀን እሰማታለሁ።»

አባትየውም በበኩሉ ጠበሉን ቢተወውም «ትምህርት ቤቱ ካልተቀበላት ከብት ትጠብቃለች፤ ልለምንላት አልሄድም» ብሎ ነበር። ስለዚህ ያን ቀን ጠዋት ከሁሉም በፊት ትምህርት ቤቱ ደረስኩ። ዳይሬክተሩ ማስመሪያውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ፤ እኔ ከጎኑ። አባትየው ጋሪውን መንገድ ላይ አቁሞ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በመስኮት ይመለከታል። ከኋላ ወንበር አንዱ ልጅ «ዱዳዋ» ሲል ሰማሁና ሄጄ ጆሮውን አለመያዜ ትልቅ ትዕግሥት ነበር።

መምህሩ ስሟን ጠራ። ተነሳች፤ መጽሐፉን ገለጠች፤ ቆየች። ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ዘወር ሲል አላየሁትም፤ ዓይኔ እሷ አፍ ላይ ነበር። ከንፈሯን አረጠበች፣ አንዴ ወደ መስኮቱ አየች። አባቷ ራሱን ነቀነቀላት።

አነበበች። መጀመሪያ ድምፅዋ ተሰብሮ ወጣ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ቀና፣ አራተኛው ላይ ጠርቶ ወጣ። ዳይሬክተሩ አንድ ገጽ ሙሉ አዳመጠና ማስመሪያውን በብብቱ ይዞ ለመምህሩ ምልክት ሰጠው።

«ይበቃል፣ ጎበዝ» አላት መምህሩ። «ተቀመጪ።»

ልጅቷ ከመጽሐፉ ቀና ብላ አየችው።

«ገና አልጨረስኩም» አለች፤ ገጹንም ገልጣ ቀጠለች።